ያውቁ ኖሯል? «አስፈላጊ» ተብለው ከመዝገብ የተዘለሉት

«ቤት ይቆዩ» በተባለበት ዘመን ቤት ቆይቶ መብላት የማይችለው ሰው ምን ላይ ወደቀ? የዛሬው አምዳችን የሰው ማሳ ፍለጋ ከአገር አገር የሚዞሩትንና ያለ ውል፣ ያለ ወር ደመወዝ የሚያድሩትን ይመለከታል። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዓለም ላይ ከሚሠራው ሰው ከ10 ስድስቱ ኢ-መደበኛ በሚባለው ሥራ እንደሚተዳደር ያውቁ ኖሯል? በቁጥር 2 ቢሊዮን ይሆናሉ። ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ ጀብሎው፣ ሊስትሮው፣ ወያላው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ በቀን ሒሳብ የሚያርመውና የሚያጭደው ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። በአፍሪካ ድርሻው ከ100 ወደ 86 ይጠጋል።

ከእነዚህ መካከል 1.6 ቢሊዮኑ በኮሮና ክፉኛ መመታታቸውን የዓለም የሥራ ድርጅት በኤፕሪል 2020 አስታውቆ ነበር። በድርጅቱ ግምት በመጀመሪያው ወር ገቢያቸው በአማካይ 60 በመቶ፣ በአፍሪካና በአሜሪካ አህጉራት ደግሞ 81 በመቶ ወርዷል። 100 ብር ይዞ ይገባ የነበረ ሰው 19 ብር ይዞ ገባ ማለት ነው። በ19 ብር ያኔም ቢሆን የቤተሰብ እራት አይሞላም።

አሜሪካ እንሻገር። ማርች 19 ቀን 2020 የአገሪቱ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥራቸው መቋረጥ የሌለበትን «አስፈላጊ» ሠራተኞች ዝርዝር አወጣ፤ የእርሻ ሠራተኛም ከነዚሁ ተቆጠረ። አሠሪዎች ይህንኑ ጠቅሰው ደብዳቤ ጻፉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍራፍሬና አትክልት የሚለቅሙ ሰዎች ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ሥራ ይሄዱ ጀመር፤ መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያስቆማቸው ሊያሳዩ። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ሰብል ላይ ከሚሠሩት ወደ ግማሽ የሚጠጉት የመኖሪያ ወረቀት የላቸውም፤ ወረቀት የሌለውን እያደነ የሚያባርረው ክፍል ደግሞ የዚያው መሥሪያ ቤት አካል ነው። አንዱ ቢሮ «ያለ እናንተ አገር አይበላም» ብሎ ሲጽፍ ሌላው ቢሮ ካቴና ይዞ ይጠብቃቸዋል።

በዚያው ወር የጸደቀው የድጎማ ሕግ ለአንድ ጎልማሳ 1,200 ዶላር ሲሰጥ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለውን አስቀርቷል፤ ሰውየው ግብር ሲከፍል የኖረ ቢሆንም። ካሊፎርኒያ አዝና ለ150 ሺህ ያህል እንዲህ ላሉ ሰዎች 500 ዶላር መድባለች።

ጁን 2020 ላይ የትራምፕ አስተዳደር ለውጭ አገር የኮምፒውተር ባለሙያዎች የሚሰጠውን የሥራ ቪዛ ሲያግድ የእርሻ ሠራተኞችን ቪዛ እንዳልነካ ያውቁ ኖሯል? በዚያ በጀት ዓመት ከ200 ሺህ በላይ የእርሻ ቪዛ ተሰጥቷል፤ ከዚያ በፊት ከነበረው ዓመትም በልጧል። ኮምፒውተሩ ከቤት ይሠራል፣ ቲማቲሙ ግን ከቤት አይለቀምም።

ለአሜሪካ ሠራተኛ መብት መሠረት የሚባሉት ሁለት ሕጎች፣ የ1935ቱ የማኅበር መብት ሕግና የ1938ቱ የደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕግ፣ ሲወጡ የእርሻ ሠራተኛን ለይተው አስቀርተውታል። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የደረሰው በ1966 ነው። በፌዴራል ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ዛሬም የለውም። የአሜሪካ ደቡብ ማሳ ያኔ በአብዛኛው በጥቁሮች ጉልበት ይሠራ እንደነበር የሚያስታውስ አንባቢ ምክንያቱን አያጣውም።

ዋጋውስ? በሳንፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከማርች እስከ ኦክቶበር 2020 ያለውን የሞት መዝገብ አገላብጠው ነበር። በካሊፎርኒያ ለሥራ በደረሰው ሰው መካከል ሞት ከወትሮው 22 በመቶ ጨመረ። በምግብና በእርሻ ሥራ ላይ ባሉት 39 በመቶ፣ ከእነዚሁ መካከል የላቲን አሜሪካ ዝርያ ባላቸው 59 በመቶ። «አስፈላጊ» የሚለው ደብዳቤ ከዚህ አላዳናቸውም።

ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በ2020 ቡድን ካሰማራባቸው ቦታዎች አንዱ ፍሎሪዳ፣ አሜሪካ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቦታው ኢሞካሊ ይባላል፤ የቲማቲም አገር ነው። ሠራተኞቹ ገና ሳይነጋ አሮጌ የተማሪ አውቶቡስ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ወደ ማሳ ይጓዛሉ፣ ማታ ደግሞ አንድ ተጎታች ቤት ውስጥ ብዙ ሆነው ያድራሉ። ርቀት ጠብቁ ቢባሉ ወዴት ይሸሻሉ? የሠራተኞቹ ማኅበር ለሳምንታት ሐኪም ይላክልን ብሎ ከጮኸ በኋላ የደረሰላቸው ይህ ቡድን ነው።

ይኸው ቡድን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በምዕራብ አማራ፣ አብዱራፊ ላይ፣ ለዓመታት ሲያክም የኖረው በአብዛኛው የእርሻ ሠራተኛ ነው። ከጎጃም፣ ከጎንደር ደጋና ከሌላም ቦታ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወደ ቆላው የሚወርደው ጎልማሳ ቀን ሲያርም ውሎ ማታ ግራር ሥር ይተኛል። ካላ አዛር የሚባለውን በሽታ ተሕዋስ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትሸሸገው ደግሞ እዚያው፣ ደርቆ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥና በግራሩ አካባቢ ነው፤ የምትናከሰውም ማታ። አጎበር ይዞ የሚወርድ ስንቱ ነው? በሽታው ካልታከመ ይገድላል። ኤችአይቪ ሲጨመርበት ደግሞ ታክሞም እያገረሸ ያስቸግራል።

በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ የተነሣው የካላ አዛር ወረርሽኝ በመጀመሪያ መድኃኒት የለመደ ወባ ተብሎ ታስቦ ነበር። አካባቢው በሽታውን አያውቀውም ነበር። ከመተማና ከሑመራ ሥራ የተመለሱ ሰዎች ይዘውት እንደገቡ ነው የሚታመነው። የጉልበት ሠራተኛ ሲታመም የሚታከምበት ቦታ ከሌለ በሽታው አገር ቤት ተከትሎት ይገባል፤ ይህን ለመማር ኮሮናን መጠበቅ አያስፈልገንም ነበር።

ጀርመኖች በጸደይ የሚወዱት አስፓራገስ የሚባል አትክልት አለ፤ ከመሬት ውስጥ አንድ በአንድ በእጅ ተቆፍሮ ነው የሚወጣው። ቆፋሪው ከምሥራቅ አውሮፓ ይመጣል። በማርች 2020 መጨረሻ ድንበር ሲዘጋ ገበሬዎቹ ተንጫጩ፤ መንግሥትም ለኤፕሪል 40 ሺህ፣ ለሜይ 40 ሺህ ሠራተኛ በአውሮፕላን ብቻ እንዲገባ ፈቀደ። ኤፕሪል 9 ቀን የሩማንያዋ ክሉዥ አየር ማረፊያ የመኪና ማቆሚያ ሻንጣና ማዳበሪያ ባንጠለጠሉ ሰዎች ተጨናነቀ። ሩማንያ በዚያ ሳምንት ሕዝቧን ከቤት እንዳይወጣ ከልክላ ነበር! ሠራተኞቹ ጀርመን ሲደርሱ ለ14 ቀን ከሌላ ሰው ተለይተው፣ ግን እየሠሩ እንዲቆዩ ተደረገ። ሌላው ሰው ተለይቶ ሲቆይ አልጋ ላይ ነው፤ እነርሱ መስክ ላይ። ኤፕሪል 11 ላይ ደግሞ ከእነዚህ በረራዎች በፊት የገባ አንድ ሩማንያዊ ቆፋሪ በማደሪያው ሞቶ ተገኘ፤ ሲመረመር ኮሮና ነበረበት።

በዚያው ሰሞን ጀርመን የጊዜያዊ ሠራተኛ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ሳይከፈልለት መሥራት የሚችልበትን ጊዜ ከ70 ቀን ወደ 115 ቀን አራዝማለች። ለገበሬው እፎይታ ነው። ሠራተኛው ግን ለጡረታ የሚቆጠርለት አንድም ቀን ሳይኖር ወቅቱን ጨረሰ።

እዚያው ጀርመን፣ ጁን 2020፣ ጉተርስሎ አካባቢ፣ አንድ የሥጋ ፋብሪካ፣ ከ1,500 በላይ በቫይረሱ የተያዙ ሠራተኞች። አብዛኞቹ በንዑስ ተቋራጭ የተቀጠሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ጀርመን በ2021 መጀመሪያ በሥጋ ኢንዱስትሪ የንዑስ ተቋራጭ ቅጥርን በሕግ ከለከለች። ለአስፓራገስ ቆፋሪው እንዲህ ያለ ሕግ አልወጣለትም።

ሜክሲኮ በጁን 2020 ዜጎቿን ወደ ካናዳ እርሻዎች መላክ አቁማ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ኦንታርዮ ውስጥ ሠራተኞቿ በኮሮና ሲሞቱ ነው ያስቆመችው። በሳምንት ገደማ ውስጥ ካናዳ ቁጥጥሩን ለማጥበቅ ተስማምታ ጉዞው ቀጠለ። ላኪ አገር እንዲህ «አይሆንም» ማለት እንደሚችል ማወቁ ለእኛም መንግሥት ሳይጠቅም አይቀርም።

በጣሊያን የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ቴሬዛ ቤላኖቫ በልጅነታቸው የእርሻ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ሜይ 2020 ወረቀት ለሌላቸው የእርሻና የቤት ሠራተኞች ሕጋዊ ፈቃድ የሚያስገኘው ድንጋጌ ሲጸድቅ በጋዜጠኞች ፊት አለቀሱ። 207 ሺህ ያህል ማመልከቻ ገባ። ከዚህ ውስጥ የእርሻው ድርሻ 15 በመቶ ብቻ ነበር፤ ቀሪው የቤት ሠራተኛ ነው። ለምን? ማመልከቻውን የሚያስገባውና 500 ዩሮ የሚከፍለው አሠሪው ስለሆነ። በደላላ እየጫነ በርካሽ የሚያሠራ ባለ እርሻ ለምን ብሎ ይመዘገባል?

ሲንጋፖር በሽታውን ተቆጣጠረች ተብሎ ስትወደስ በሽታው የውጭ ሠራተኞች ማደሪያ ውስጥ ነበር። ወደ 323 ሺህ ሰው ይኖርበት ነበር፤ በአንድ ክፍል 12፣ አንዳንዱ ጋ 20 ሆነው። በዲሴምበር 2020 መንግሥቱ ራሱ ባወጣው ቁጥር ከነዋሪዎቹ 47 በመቶው ተይዘዋል።

ማርች 2020 ላይ የኡጋንዳው ፕሬዚዳንት ዩዌሪ ሙሴቬኒ ምግብ የሚሸጡ የገበያ ነጋዴዎች ለ14 ቀን ወደ ቤታቸው ሳይሄዱ እዚያው ገበያ እንዲያድሩ አዘዙ። ካምፓላ ውስጥ ሴቶች ቀን ቲማቲምና ሙዝ ሸጠው ማታ መደባቸው አጠገብ አጎበር ሰቅለው ተኙ። ልጆቻቸውን ማን እንደሚያበላ በትእዛዙ አልተነገረም።

በደቡብ አፍሪካ ማርች 27 ቀን 2020 እንቅስቃሴ ሲታገድ ሱፐርማርኬት ክፍት ሆኖ የመንገድ ላይ አትክልት ሻጭ ተዘጋ። ጩኸት ሲበዛ በኤፕሪል 2 ቀን ተፈቀደላቸው፤ ከማዘጋጃ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ካወጡ። ወረቀት እንግዲህ እንደገና መጣች።

አሁን ሕንድ። ማርች 24 ቀን 2020 ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በቴሌቪዥን ቀርበው 1.3 ቢሊዮን ሕዝብ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ለ21 ቀን ከቤቱ እንዳይወጣ አወጁ። ለዝግጅት የተሰጠው አራት ሰዓት ነው። ባቡሩም አውቶቡሱም ቆመ። ከገጠር መጥቶ በዴልሂና በሙምባይ በግንባታ፣ በፋብሪካ፣ በመንገድ ንግድ የሚኖረው ሰው ኪራይ የሚከፍልበት ሲያጣ ጓዙን ራሱ ላይ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግሩ ተያያዘው። ባሬሊ ከተማ የደረሱትን አንዳንዶቹን የአካባቢው ባለሥልጣናት ሜዳ ላይ አስቀምጠው የማጽጃ ኬሚካል በቱቦ አስረጭተውባቸዋል። በሜይ 8 ሌሊት ደግሞ በማሃራሽትራ ክልል፣ አውራንጋባድ አጠገብ፣ በሐዲዱ ላይ ሲጓዙ ደክሟቸው የተኙ 16 የብረት ፋብሪካ ሠራተኞችን የዕቃ ባቡር ገደላቸው። ባቡር እንደማይሠራ ነበር የሚያውቁት። ጋዜጦች ባተሙት ፎቶ ሐዲዱ ላይ የቀረው ለስንቅ የያዙት ቂጣና ነጠላ ጫማቸው ነው።

የሚያናድደው ክፍል ገና ነው። ሕንድ ከክልል ክልል ለሚሄዱ ሠራተኞች በ1979 ያወጣችው ሕግ ነበራት። ደላላው እያንዳንዱን ሠራተኛ እንዲያስመዘግብና ፎቶ ያለበት ደብተር እንዲሰጠው ያዝ ነበር። ሕጉ ቢሠራ ኖሮ ማን የት እንዳለ ይታወቅ ነበር። በሴፕቴምበር 2020 የፓርላማ አባላት «በመንገድ የሞቱት ስንት ናቸው?» ብለው ሲጠይቁ የሥራ ሚኒስቴር የመለሰው «መረጃ አልተያዘም» ብሎ ነው።

ሠራተኛን በወረርሽኝ ሰበብ በሕግ ማሰር የዛሬ እንዳልሆነስ ያውቁ ኖሯል? በ1348 ጥቁር ሞት እንግሊዝ ገብቶ ሕዝቡን ሲጨርስ የተረፈው ገበሬ ጉልበቱ ተወደደ። ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ በ1349 ባወጡት ደንብ፣ ፓርላማውም በ1351 ባጸደቀው ሕግ፣ ከ60 ዓመት በታች ያለ መተዳደሪያ የሌለው አቅመኛ ሁሉ በቀድሞው ዋጋ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ከዚያ በላይ የጠየቀ ተቀጣ። ቂሙ ሲንከባለል ቆይቶ የ1381ዱን የገበሬዎች ዐመፅ ካቀጣጠሉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩን በጭስ የምናጥነው በ1911 ዓ.ም. አገራችንን ላጠቃው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው። የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ በግምት ነው የሚነገረው።

ወደ እኛው ኮሮና እንመለስ። የመጀመሪያው ታማሚ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ቀን። አዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት፣ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ ከለከለ። ጥሩ ነበር። ውል የሌለው የቀን ሠራተኛ ግን ምኑ ይሰናበታል? ጠዋት አካፋውን ይዞ ከቆመበት አደባባይ የሚወስደው ሰው ሲጠፋ «ተሰናብተሃል» የሚል ደብዳቤ አይመጣለትም። ታክሲው በግማሽ እየጫነ ታሪፉን እጥፍ ሲያደርግም ሥራ ፍለጋ የሚወጣበት ሒሳብ አብሮ ተነሣ።

በማርች 2020 አጋማሽ በሆላንዱ የአልስሜር ጨረታ ገዢ ያጣ አበባ በገፍ ወደ ቆሻሻ ሲጣል የዝዋይና የሆለታ እርሻዎችም የቆረጡትን ደፉ። በአበባ እርሻ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

በጂቡቲና በሶማሊያ በኩል ባሕር አቋርጦ የመን የሚገባው ሰው በ2019 ከ138 ሺህ በላይ ነበር፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ። በ2020 ወደ 37,500 ወረደ። እፎይ አይበሉ። በኤፕሪል 2020 የሁቲ ኃይሎች «ኮሮና ያመጣችሁ እናንተ ናችሁ» ብለው በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ከሰሜን የመን በጥይት አባረሩ፤ ድንበር ላይ የሳዑዲ ጠባቂዎች ተኮሱባቸው፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ሞቱ። የተረፉት በሳዑዲ፣ ጂዛንን በመሳሰሉ ቦታዎች በተጨናነቁ እስር ቤቶች ታጎሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ይህን በኦገስት 2020 በዝርዝር አውጥቶታል።

በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛ አንቀጹ የቤት ሠራተኞችንና አብዛኛውን የእርሻ ሠራተኛ ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። በ2020 የአገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅና ኮሮና ሲጨመር አንዳንድ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቤይሩት የሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አውርደዋቸው ሄዱ። ደመወዝ የለ፣ ፓስፖርት የለ። አስፋልት ላይ ፍራሽ ዘርግተው አደሩ።

የዓለም ባንክ በኤፕሪል 2020 ስደተኞች ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮቻቸው የሚልኩት ገንዘብ 20 በመቶ ወርዶ 445 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል ብሎ ነበር። በዓመቱ ሲታይ 540 ቢሊዮን፤ የወረደው 1.6 በመቶ ብቻ። አንዱ ምክንያት በረራ ሲቆም በሰው እጅ ይላክ የነበረው በባንክ መላኩ ነው። ሌላው ደግሞ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ልጅ ራሱ ጦም አድሮ ለእናቱ መላኩ ነው።

የሚያኮራ ነገር ፍለጋ ቶጎ እንሂድ። ይህች ትንሽ አገር በኤፕሪል 2020 ኖቪሲ የተባለ ድጎማ በ10 ቀን ገደማ አዘጋጅታ ጀመረች። የኢ-መደበኛ ሠራተኛ መዝገብ አልነበራትም። ለምርጫ የተመዘገበው ሰው ዝርዝር ግን ነበራት፤ የእያንዳንዱም ሥራ አብሮ ተጽፎበታል። ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ የሞተር ታክሲ ነጂው በተራ ስልክ *855# ደውሎ የመራጭ ካርዱን ቁጥር ያስገባ ነበር፤ ካለፈ ገንዘቡ ወዲያው በስልኩ ይገባለት ነበር። በወር ለወንድ 10,500፣ ለሴት 12,250 ፍራንክ፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ። ለሴቷ የበለጠው ቤቱን የምታበላው እርሷ ናት ተብሎ ነው። በኮሚቴ ክርክር ጊዜ ሳይባክን እንዲህም ይሠራል!

ብራዚል ደግሞ በወር 600 ሬያል ለ68 ሚሊዮን ያህል ሰው ከፍላለች። ብቻዋን ልጅ ለምታሳድግ እናት እጥፉን።

ሕንድስ ተማረች? በኦገስት 2021 ኢ-ሽራም የተባለ የኢ-መደበኛ ሠራተኞች መዝገብ ከፈተች፤ ከ280 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ወስዷል። በ1979 የታዘዘው መሆኑ ነው፤ ከ42 ዓመት በኋላ።

ሰሊጥ ወይም ማሽላ የሚያሳርሙ፣ ቤት የሚያሠሩ፣ የቤት ሠራተኛ ያለዎት አንባቢ ከሆኑ ግን መንግሥት እስኪመዘግብ አይጠብቁ። የሠራተኛውን ሙሉ ስም፣ የመጣበትን ወረዳና የአንድ ዘመዱን ስልክ ዛሬውኑ ደብተርዎ ላይ ይያዙ።